«ማይ ካና» አልተገኘም

ረቡዕ ጠዋት ፕሮግራሙን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ያችው ግራጫ ሳጥን ስክሪኑ መሀል ብቅ አለች። «ማይካና አልተገኘም» ትላለች። ከሥሯ አንድ ቁልፍ አለ፣ «እሺ» የሚል። ሌላ ምርጫ የለም። እሺ አልኩ። ፕሮግራሙ ተዘጋ።

«ታቫሌ» አለኝ ጆኤሊ ከኋላዬ፣ አፉ በሮቲ ቂጣ እንደተሞላ፣ «ስድስት ዓመት ሜልቦርን የተቀመጥከው እሺ ማለት ልትማር ነው?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«እየበላሁ ነው። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከአንዲት ሳጥን ጋር የሚታገለው አንተ ነህ።»

ጆኤሊ የአባቴ እህት ልጅ ነው። እንደኛ ዓይነት ዘመዶች ታቫሌ እንባባላለን። ታቫሌህ የፈለገውን ቢልህ አትቀየምም፤ ብትቀየም ነውሩ የአንተ ነው። ከመንደራችን ከናሞሊዋይ በጀልባ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ዋና ከተማው ሱቫ ድረስ የመጣው ግን እኔን ሊሰድብ አልነበረም። የአዲሱን መንደር ፕላን ሊወስድ ነው። ዓርብ ጠዋት የመንደሩ ስብሰባ ይቀመጣል፤ የመንግሥት ሰውም ማኅተሙን ይዞ ይመጣል።

ናሞሊዋይን ባሕሩ እየወሰዳት ነው። መጀመሪያ የኮኮናት ዛፎቹን ወሰደ፣ ቀጥሎ ማድ ቤቶቹን፤ አሁን ማዕበል ሲበዛ በፊተኛው ረድፍ ያሉ ቤቶች ውስጥ ምንጣፍ ይንሳፈፋል። ስለዚህ መንደሩ ወደ ኮረብታው ሊወጣ ነው። ሃያ ሰባት ቤት። በአሮጌው መንደር እያንዳንዱ ቤት የቆመው ያቩ ላይ ነው፤ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ የአፈር መደብ። ያቩ ስም አለው። ቤቱ በአውሎ ነፋስ ይሄዳል፣ ሌላ ይሠራል፣ ስሙ ግን እዚያው ነው፤ ቤተሰቡም የሚታወቀው በዚያ ስም ነው። ኮረብታው ላይ እያንዳንዱ ቦታ የያቩውን ስም ይዞ መውጣት አለበት። ዓርብ ፕላኑ ላይ ስሞቹ ከሌሉ ማኅተሙ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሃያ ሰባት። ከዚያ በኋላ የሚፍቀው የለም።

የጆኤሊ እናት፣ አክስቴ ኔይ ሳላንዬታ፣ ማክሰኞ በስልክ እንዲህ አለችኝ፤ «አያትህ የት ነበር የሚኖረው ብለው ሲጠይቁህ አሥራ አራት ልትል ነው?»

 ያቩዎቹን በቃል የሚያውቃቸው የለም እንዳይባል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ያውቃል፤ ሦስቱን ግን ሁለት ሁለት ቤተሰቦች የእኛ ነው ይላሉ። በዚያ ጉዳይ መንደሩ ሊጣላ ይችላል። ማን የማንን ስም፣ በማን ፊት እንደተናገረ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያም ቦታ እሺ ብዬ የምዘጋው ፋይል ውስጥ ነው። ከተናገሩት ዘጠኝ ሽማግሌዎች ስምንቱ፣ ባሕሩ የሚበላው ዳርቻ ላይ ተቀብረዋል።

ስሞቹን የሰበሰብነው እኔና አሽኒታ ነን። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ለዕረፍት ከሜልቦርን መጥቼ እዚሁ የመንደር ፕላን የሚሣልበት ቢሮ ሦስት ወር በሠራሁ ጊዜ። እሷ የቢሮው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበረች። የናውሶሪ ከተማ ልጅ ናት፣ ዘሯ ከህንድ የመጣ፤ አባቷ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋ ነበር። እኔ የመንደሩ ዘር ነው ተብዬ፣ እሷ ኮምፒውተሩን ይዛ፣ አንድ ሳምንት ናሞሊዋይ ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ቀን መቼም አይረሳኝም። እኛ ዘንድ ምግብ ላይ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚያልፍ ካየ «ማይ ካና!» ብሎ ይጣራል። ና ብላ ማለት ነው። የሚያልፈው ሰው «ቪናካ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ አመስግኖ ያልፋል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ማንም ከምር አይገባም። አሽኒታ ገባች። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ በላች። ከዚያ ቤት ስትወጣ ቀጣዩ ቤት «ማይ ካና!» አለ፤ እዚያም ገባች። ስምንት ቤት በላች። ስምንተኛው የኔይ ሳላንዬታ ነበር፤ መተንፈስ አቅቷት እዚያው ትራስ ተሰጣት። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ በየበሩ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ፤ ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል።

ግን ስሞቹን ያገኘነው በዚያ ነው። የያቩ ስም በር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ አይነገርም። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ የፈለጉት የበላችውን ልጅ ነበር።

ተመልሼ ሜልቦርን በሄድኩ በዓመቱ ጻፈችልኝ። ቤተሰቡ በሙሉ አደላይድ ሊገባ ነው። «ከአንተ ያለው የአንድ ሌሊት አውቶቡስ ነው፤ ና» ይላል ደብዳቤው። አመሰገንኳት። ፈተና አለብኝ፣ ሌላ ጊዜ፣ አልኩ። ሁለተኛም ጻፈች። ሁለተኛም አመሰገንኩ። ሁለት ዓመት በአንድ ሌሊት መንገድ ርቀት ላይ ኖረን አንድ ቀን አልሄድኩም። ከዚያ እኔ ወደ ሱቫ ተመለስኩ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ቢሮ ስገባ ወንበሯን ሰጡኝ። መሳቢያው ውስጥ የፀጉር መያዣዋ አለ። እስካሁን አላነሳሁትም።

ለምን እንደተመለስኩ ሰው ሲጠይቀኝ ለአገሬ እላለሁ። ለእውነት ይቅረብ አይቅረብ እኔም አላውቅም።

ወደ ሳጥኗ ልመለስ። ፕላን የምንሥልበት ትልቅ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይቀጠላሉ። ተቀጥላ እንላቸዋለን። የእኛ አንዷ ተቀጥላ አሽኒታ የጻፈቻት ናት፤ የያቩዎቹን ስምና ታሪክ ሥዕሉ ውስጥ የምታስቀምጥም የምታነብም እሷ ብቻ ናት። ሌላዋ የእንግዶቹ ናት። እንግዶቹ የመንደሩን መዛወር የሚረዱት የውጭ አማካሪዎች ናቸው፤ የእነሱ ተቀጥላ ቤቶቹን ኮረብታው ተዳፋት ላይ ታስቀምጣለች። ባለፈው ወር ሥዕሉን በእሷ አዘምነነዋል። አሁን የእንግዶቹ ተቀጥላ ከሌለች ሥዕሉ አይከፈትም፤ የአሽኒታ ከሌለች ስሞቹ አይታዩም። የድሮው ቅጂና ስሞቹን የጻፍንበት ደብተር ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ባለፈው አውሎ ነፋስ ውኃ የገባው እዚያ ነው።

ሁለቱም ተቀጥላዎች አንድ ላይብረሪ ይዘው ይመጣሉ። ላይብረሪ ሌላ ሰው ጽፎ ለሁሉም የተወው፣ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ ከባዶ ላለመጀመር የሚዋሰው የኮድ ፋይል ነው። ትልቁ ፕሮግራም አንድ ስም ያለው ላይብረሪ አንዴ ከጫነ ሁለተኛ አይጭንም። ሁለተኛው ሲመጣ «እሱማ ገብቷል» ብሎ የመጀመሪያውን ያቀርባል። ሞክሼ መሆናቸውን ያያል፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ግን አይጠይቅም። ብዙ ተቀጥላዎች የሚጣሉት በዚህ ነው፤ አንዷ አሮጌውን ሌላዋ አዲሱን ትፈልጋለች፣ የሚገባው ግን ቀድሞ የደረሰው ነው።

ይህን ስለማውቅ ሰኞ መጀመሪያ ያየሁት የሁለቱን ላይብረሪ የስሪት ቁጥር ነበር። ስድስት ነጥብ ዜሮ። ስድስት ነጥብ ዜሮ። እኩል ናቸው፣ እንግዲህ ጠቡ እዚህ አይደለም፣ አልኩና ሁለት ቀን ሌላ ቦታ ቆፈርኩ። ፈቃዶቹን ፈተሽኩ። ሁለቱንም አውጥቼ እንደገና ጫንኩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ። ሳጥኗ ተከትላኝ መጣች።

«እኔ የማይገባኝ» አለ ጆኤሊ እጁን በወረቀት እየጠረገ፣ «ይህች ሳጥን ቋንቋችንን ማን አስተማራት?»

«ምን?»

«ማይ ካና ትላለች እኮ። ሌላው ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ እሷን ብቻ በእኛ ትላለች። ርቧት ይሆን?»

መልእክቱን እንደገና ከፍቼ አነበብኩት። ከማይካና በኋላ ረዥም የኮድ ጽሑፍ አለ፤ እስከዚያ ቀን ዓይኔ እየዘለለው ነበር። «ማይካና» የተባለች ተግባር ላይብረሪው ውስጥ አልተገኘችም ነው የሚለው። ላይብረሪው ውስጥ። በአሽኒታ ተቀጥላ ውስጥ ማለቱ አልነበረም። ላይብረሪውን የጻፉት የዓለም ሌላ ጫፍ ያሉ፣ ናሞሊዋይ በሕልማቸውም የማትመጣባቸው ሰዎች ናቸው። ከነሱ መሀል ለአንዲት ተግባር ማይ ካና ብሎ ስም የሚያወጣ የለም።

ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ስማቸው አንድ። ቁጥራቸው አንድ። የአሽኒታ ግን በአራት ኪሎባይት ትበልጣለች። መጠናቸውን ሳላይ ሁለት ቀን አለፈኝ።

«ላይብረሪውን ከፍታ የራሷን ነገር ጨምራበታለች» አልኩ።

«ማን?»

«አሽኒታ።»

ጆኤሊ ወንበሩን ሳበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «የስምንት ቤቷ አሽኒታ? ታዲያ ደውልላት።»

«ምን ብዬ?»

«‹ሃሎ› ብለህ። ሜልቦርን ይህንንም አላስተማሩህም?»

ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ። ለዓመታት ስሟ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ሲበራና ሲጠፋ አይቻለሁ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼው ደወልኩ። ሱቫ እንደ ልማዷ ትዘንባለች።

«ሃሎ?»

«አሽኒታ፣ ካሊኦቫ ነኝ።»

 ከሩቅ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ይሰማኛል፤ እዚያም እየዘነበ ነው።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳትደውል ኖረህ፣ ሰው ካልሞተ ረቡዕ ጠዋት ምን አስደወለህ?»

«ማይካና አልተገኘም ይለኛል።»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ያው ሳቅ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል የሚቆረጠው። «አምላኬ! እሷ እስካሁን ትሠራለች?»

«አትሠራም። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት። የኮድ ነገር ሲሆን ጆሮዋ ያው ነው፤ ሳልጨርስ ገባት።

«ላይብረሪው ስም የሚደረድረው በፊደል ተራ ነበር» አለች። «ሽማግሌዎቹ ፊት በፊደል ተራ ያነበብንላቸው ቀን እንዴት እንደተቆጡ ትዝ ይልሃል? ያቩ የሚጠራው ከባሕሩ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፣ በየበሩ። ስለዚህ ላይብረሪውን ከፍቼ በየበሩ እየቆመች የምትጠራ አንዲት ተግባር ጨመርኩበት። ሌላ ምን ብዬ ልሰይማት?»

«ቁጥሩን ለምን አልቀየርሽውም?»

«ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ካሊ። ከዚያች ክፍል የሚወጣ ነገር የጻፍኩ አልመሰለኝም።»

«የተጻፈበት ዋናው ኮድ አለሽ? የላይብረሪሽን ስም ቀይሬ እንደገና ብገነባት ሁለቱ አይጣሉም ነበር።»

«የአባቴ ሱቅ ውስጥ በነበረው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ጎርፉ ወስዶታል። ያለችው አንተ ጋ ያለችው ብቻ ናት።» ትንሽ አሰበች። «ግን ስማኝ፤ የእኔዋ ከእነሱ ምንም አልጎደለባትም። የእነሱ ሁሉ አላት፣ ከዚያ ላይ ማይ ካናን ትጨምራለች። የእኔዋ ቀድማ ከገባች ለሁለቱም ትበቃለች። የእነሱ ቀድማ ከገባች ግን የእኔዋ በር ላይ ትቀራለች። ድሮ ሁልጊዜ ቀድማ ነበር እኮ የምትገባው። ፕሮግራሙ በፊደል ተራ ነው የሚጭነው፤ የእኔ ፋይል ደግሞ በፈረንጅ መጀመሪያው ፊደል፣ በኤ፣ ይጀምራል። አሁን ከፊቷ የገባው ማነው?»

«አየዋለሁ።»

ማመስገንና መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችም።

«ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» አለች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ በስም ጠራቻቸው። አንድ በአንድ አረፉ አልኳት። ስምንት ጊዜ።

«ኢሳ» አለች። ይህን የእኛን የሐዘን ቃል አደላይድ ውስጥ ለማን እንደምትለው አላውቅም። «ኔይ ሳላንዬታስ?»

«አለች። እስካሁን ስላንቺ ታወራለች።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም? ከኋላዬ እየመጣህ በየበሩ ጠግቤያለሁ ትላለህ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላህም ነበር።»

«አፍሬ ነበር።»

«በእኔ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ከምራቸው የጠሩኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «በኋላ ስሰማ ሦስት ቀን አለቀስኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ ከምራቸው አልነበረም እንዴ?»

«አላውቅም አሽኒታ።»

«እኔ ስጠራህ ከምሬ ነበር» አለች።

ዝናቡ የቢሮውን ቆርቆሮ ይመታል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ የመጣው ግን ያው «ቪናካ» ነበር፤ እሱን ዋጥኩት። ከኋላ መቀመጫ የልጅ ድምፅ «እማ፣ በሩ ሊዘጋ ነው» አለ።

«ልጄ ትምህርት ቤት እየረፈደበት ነው» አለች። «በል ሂድ። ስሞቹን አስጠራልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጆኤሊ ከወንበሩ ሳይነሳ ያየኛል።

«ምን አለች?»

«ፋይሏ ቀድማ መግባት አለባት አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ታቫሌ፣ ፊትህ እንደተላጠ ካሳቫ ነጥቷል» አለ። ከዚያ፣ እሱ እንዲህ አያደርግም ነበር፣ ሌላ ምንም ሳይቀልድ ተነስቶ ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

ተቀጥላዎቹ የሚመዘገቡበትን ፎልደር ከፈትኩ። ከላይ የተቀመጠችው የእንግዶቹ ናት፤ ስሟ ፊት ሁለት ዜሮ አለ። ዜሮ ከፊደል ሁሉ ይቀድማል። ሰኞም አይቼው ነበር፤ እነሱ እንዲህ ብለው ሰይመው ልከውታል ብዬ አለፍኩት። አሁን የላኩልንን የመጀመሪያ ፋይል አወጣሁ። ዜሮ የለበትም። እዚሁ ቢሮ ውስጥ ነው የተጨመረው።

የቢሮው ኃላፊ ሞሞ ቬሬኒኪ ናቸው። ሞሞ የእናት ወንድም የሚጠራበት ነው፤ ባይዛመዱንም ቢሮው ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ሱሪያቸውን ትተው ሁልጊዜ ሱሉ ያገለድማሉ፣ ከላዩ ነጭ ሸሚዝ። በራቸውን አንኳኩቼ ገባሁና ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ።

«ለምን ሞሞ?»

«ባለፈው ሳምንት እንግዶቹ የመጡ ዕለት ኮምፒውተሩን ከፍተህ ስታሳያቸው፣ የእነሱ ስም የት እንደነበረ አይተሃል? ከእኛ በታች። ከአሽኒታ በታች፣ ከቦይ መለኪያው ተቀጥላ በታች። ከቦይ መለኪያው! አፈርኩ። እንግዳን ከበሩ ጥግ፣ ውሻው ከሚተኛበት፣ አስቀምጬ ሻይ ላቅርብለት? ሲወጡ ወደ ላይ አወጣኋቸው። ቦታቸው እዚያ ነው።»

«ሞሞ፣ ፕሮግራሙ ከላይ ያለውን ቀድሞ ያስገባል። እነሱ ቀድመው ስለገቡ ነው አሽኒታ መግባት ያቃታት። ሦስት ቀን የፈለግኩት ይህን ነው።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። 

«እኔ ነኝ እንግዲህ ስሞቹን የቆለፍኩት» አሉ።

«አላወቁም ሞሞ። ዜሮዎቹን ላጥፋቸው?»

«አይሆንም።»

«እንግዶቹ እኮ አያዩትም።»

«እኔ አየዋለሁ።»

ተናደድኩ፤ ይህ ነው የቸገረኝ፣ ብዬ አሰብኩ። ሜልቦርን ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ግትርነት ስም አላቸው፣ እኔንም አስተምረውኛል፤ ግን አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። «ሞሞ፣ መንደር ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ማነው?»

«እንግዳው ነዋ።»

«ከእሱ በፊትስ? ምንጣፉን የሚያነጥፈው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ ታየ። «ምንጣፍ የሚያነጥፈውማ ቀድሞ ይገባል። ያለበለዚያ እንግዳው መሬት ላይ ይቀመጣል።»

«አሽኒታ ምንጣፍ ታንጥፍ።»

ተነስተው ተከትለውኝ መጡ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፣ የአሽኒታ ወንበር ላይ፤ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ በአሽኒታ ፋይል ስም ፊት ሦስት ዜሮ ጻፉ። የእንግዶቹን ሁለት ዜሮ አልነኩም። ፎልደሩ ውስጥ የአሽኒታ ስም አንድ እርምጃ ወደ ላይ ወጣ።

«እንግዶቹ አሁንም ከቦይ መለኪያው በላይ ናቸው» አሉ።

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ጆኤሊ ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሳጥኗ አልመጣችም። ሥዕሉ ተከፈተ፤ ኮረብታው፣ ተዳፋቱ፣ ሃያ ሰባት ባዶ ካሬዎች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ባዶ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ከታች፣ ከባሕሩ በኩል፣ ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ናቩኒዳሎ። ኡሉኒዋይ። ማታኒሊዋ። አንዱን ስትጠራ ጥቂት ትቆያለች፣ በር ላይ እንደምትቆም፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ለምን እንደምትዘገይ ያኔም ጠይቄያት ነበር። «ሰው እስኪመልስላት ነዋ» ብላኝ ነበር።

ሞሞ ቬሬኒኪ ስሞቹን በለሆሳስ ተከትለው ይሉ ነበር። ጆኤሊ ሻዩን ሳያስቀምጥ አሥራ አራተኛውን ጠበቀ። ሲመጣ፣ የአያታችን ያቩ ሲመጣ፣ «አለ» አለ ብቻ።

ወረቀት ላይ «ይህን ተራ ማንም እንዳይቀይር» ብዬ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩ። የተጻፈበት ኮድ የለም። የጻፈችውም ሩቅ ናት። ያለን ያ ተራ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ናሞሊዋይ ነበርኩ። ፕላኑን ጆኤሊ ብቻውን ሊወስደው ይችል ነበር፤ አብሬ ሄድኩ። በስብሰባው ላይ በሕይወት የቀሩት ዘጠነኛው ሽማግሌ ስሞቹን ከታች ወደ ላይ አነበቡ። ክርክር ያለባቸው ሦስቱ ጋ ሲደርሱ መዝገቡን አነበብኩ፤ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደሰማ። ከአንዱ ጥግ ማጉረምረም ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ። የመንግሥቱ ሰው ማኅተሙን አሳረፈ።

ሁሉም ሊበላ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ብቻዬን መጣሁ። ውኃው የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ይልሳል። ስልኬን አየሁት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ቢኖርም ምን እንደምጽፍላት አላውቅም ነበር። ስሞቹ ተጠሩ ልበላት?

«ማይ ካና!»

ኔይ ሳላንዬታ ናት፣ በተከፈተው በሯ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቀና ሳትል እጇን እያወዛወዘች። ጠርታኝ ወደ ሳህኗ ተመልሳለች።

«ቪናካ ኔይ፣ ጠግቤ...»

አልፌ ነበር። ሁለት እርምጃ አልፌ ነበር። ተመለስኩና ጫማዬን አወለቅኩ።

ጎንበስ ብዬ ስገባ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከፊቷ አንድ ሳህን አለ፤ ሁለት ቁራጭ ካሳቫ፣ ግማሹ የተበላ ዓሣ።

«ምን ሆንክ?» አለች።

«ጠራሽኝ እኮ ኔይ።»

«ጠራሁህ እንጂ!» አለች፤ ሳህኗን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሳቋ መጣ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስጠራ አንዲት ልጅ ብቻ ናት የገባችው። ያቺ ህንዳዊቷ። ኢሳ... ያን ቀንም ያለኝ ይህችው አንድ ሳህን ነበረች።»

«ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ? አካፈልኳት።»

ትልቁን ካሳቫ አንስታ ለሁለት ሰበረችው፤ የዓሣውን ያልተነካ ጎን ወደ እኔ አዞረችው። እግሬን አጠፍኩና ተቀመጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።